ላም አለኝ በሰማይ፦ ደመወዝና ጡረታ በካርድ ብቻ አይሁን

«ደመወዝ ገብቷል» እና «ደመወዝ ተከፍሏል» አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው የከፋዩ ወሬ ነው፤ ሁለተኛው የተቀባዩ። በኮምፒውተር ላይ ያለ ቁጥር ተቀይሮ ስልካችን ላይ መልእክት ሲደርስ ከፋዩ ጉዳዩን ጨርሷል። ተቀባዩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ያ ቁጥር ዘይት፣ የታክሲ ሒሳብ፣ የደም ግፊት መድኃኒት እስኪሆን ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝና የጡረተኛ አበል ቀድሞ በተሞላ ካርድ ይከፈል፣ ወረፋ ይቅር፣ የባንክ ደብተር ይቅር፣ መስኮት ይቅር የሚል ሐሳብ በየስብሰባውና በየካፌው ሲወራ እሰማለሁ። የሚያወሩት ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ወጣቶች፣ ስልካቸው አዲስ፣ ጉልበታቸው ያልደከመ ናቸው። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ካርዱ ይምጣ፣ የሚፈልገው ይውሰደው። ነገር ግን ደመወዝን ከከፋዩ እጅ እስከ ሠራተኛው እጅ የማድረስ ወጪና አደጋ የከፋዩ ነው። ያንን ወጪና አደጋ በካርድ ስም ወደ ሠራተኛውና ወደ ጡረተኛው ማዞር ዘመናዊነት አይደለም፤ የደመወዝ ቅነሳ ነው።

መጀመሪያ ካርዱ ምን እንደሆነ እንለይ። ዛሬ ብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ያለው የኤቲኤም ካርድ በስማችን ከተከፈተ የባንክ ሂሳብ ጋር የታሰረ ነው። ካርዱ ቢጠፋ ሂሳቡ አለ፤ መታወቂያ ይዘን መስኮት ሄደን እናወጣለን። ቀድሞ የሚሞላው ካርድ ግን ከዚህ ይለያል። አሠሪው ወይም የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ከአንድ ካርድ አውጪ ድርጅት ጋር ይዋዋላል፤ ገንዘቡ በጅምላ ለድርጅቱ ይተላለፋል፤ ድርጅቱ በየካርዱ ላይ ያካፍላል። ሠራተኛው ባንኩን አልመረጠም፣ ውሉን አልተደራደረም፣ ብዙ ጊዜም አላነበበውም። ውሉ የሁለት ተቋማት ነው፤ ገንዘቡ የሦስተኛ ሰው ነው። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው።

አገራችን ለዚህ በሩን ከፍታለች። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ተቋማትም የክፍያ መሣሪያ እንዲያወጡ ተፈቀደ፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው በዚህ በር ነው። ከዚያ ወዲህ ያየነው ለውጥ ትልቅ ነው፣ አንክድም። የጉልት ሴቶች ሳይቀሩ በስልክ ይቀበላሉ። እኔም እከፍላለሁ። ክርክሬ ከቴክኖሎጂው ጋር አይደለም። ክርክሬ «ብቻ» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

የድሮውንም እናስታውስ፣ ናፋቂ እንዳንባል። ገንዘብ ያዡ ከባንክ ጥሬ ብር በቦርሳ ይዞ ይመጣል፤ ሠራተኛው ፔሮል ላይ ይፈርማል፤ «ሳንቲም የለም» ተብሎ የሚቀር ዝርዝር ነበር፤ ገንዘብ ያዡ ካልመጣ ነገ ይባላል። ለጡረተኛውም ፖስታ ቤት ደጃፍ ሰልፍ ነበር። ደመወዝ በባንክ መግባቱ ይህን ሁሉ አስቀርቷል፤ በሌለ ሰው ስም የሚፈረመውንም ቀንሷል። ወደዚያ እንመለስ የሚል የለም። በአማራ ክልል የጡረታ አበልን ለዓመታት በየወረዳው ሲያደርስ የኖረው አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ሌላ ምሳሌ ነው፦ ሰው ባለበት አካባቢ መስኮት ከፍቶ መክፈል። ይህ መሻሻል ነው። የሚሻሻለው ግን ሁልጊዜ ተቀባዩ ሲቀርበው እንጂ ከፋዩ ሲቀለው ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። አያትን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአደባባዩ እስከ ጣፎ፣ ከአርባ ዘጠኝ ማዞሪያ እስከ ጨፌ ኮንዶሚኒየም፣ ወዲህ ሲኤምሲ፣ ወዲያ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ፤ ይህ የመንግሥት ሠራተኛና የጡረተኛ ከተማ ነው። ዕጣ የወጣለት መምህር፣ ነርስ፣ የቀበሌ ጸሐፊ፣ የጡረታ ወታደር እዚህ ነው የሰፈረው። አብዛኛው የ20/80 ሕንፃ አራት ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ጉልበታቸው የከዳቸው እናት ከአራተኛ ፎቅ ወርደው፣ ዋናው መንገድ ድረስ ሄደው፣ ኤቲኤም ፊት ቆመው፣ «ጊዜያዊ አገልግሎት የለም» የሚል ጽሑፍ አንብበው ሲመለሱ ያ ቀን ምን ያህል እንደከበዳቸው በየትኛውም የክፍያ ሪፖርት ላይ አይጻፍም። በሪፖርቱ ላይ ገንዘቡ «በተሳካ ሁኔታ ተላልፏል»።

የወር መጨረሻ ሳምንት ሁሉም ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ማሽኑ ብር ይጨርሳል። መብራት ይጠፋል። «ሲስተም የለም» ይባላል። ይህችን ሐረግ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ካለ ይንገረኝ። የመስኮቱ ሠራተኛ ቢያንስ ሰው ነው፤ «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ሲመለስ እጠራዎታለሁ» ይላል። ማሽን እንዲህ አይልም።

የጡረተኛውን ወጪ ደግሞ ቁጠሩ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከጉልት። ታክሲ። የእድር መዋጮ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ። የልብስ ማጠቢያ ለምትረዳቸው ልጅ። ከእነዚህ ውስጥ ፖስ ማሽን ያለው የቱ ነው? ካርዱ የሚሠራው ትልልቅ ሱፐርማርኬት ነው፤ ጡረተኛው ግን የሚገዛው ከጉልት ነው። ስለዚህ ካርዱ ለእርሳቸው መክፈያ አይሆንም፤ ብር የሚወጣበት ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፉ ላይ ክፍያ ካለ ደግሞ የራሳቸውን ቤት ለመግባት ኪራይ እንደ መክፈል ነው።

ስለ ክፍያው በቁጥር እናውራ። በየዝውውሩ ስልካችን ላይ የሚመጣውን መልእክት አይታችሁታል፤ የአገልግሎት ክፍያ ይህን ያህል፣ ከ15 በመቶ ቫት ጋር ይላል። አነስተኛ ይመስላል። ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ፦ አንድ ሰው ብሩን ለማውጣት በአንድ ጊዜ 10 ብር ቢቆረጥበት፣ በወር 4 ጊዜ ቢያወጣ፣ በዓመት 480 ብር ነው። «480 ብር ምን አላት?» የሚል ይኖራል። በአገሪቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። አባዙት፤ 960 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ጡረተኛው ገና አልተቆጠረም። ከእያንዳንዱ ኪስ ስትወጣ የማትታይ፣ ካርድ አውጪው ዘንድ ስትደርስ ግን ሕንፃ የምታሠራ ገንዘብ ናት። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ከ6,000 ብር ላይ የሚቆረጥ ብር ከ60,000 ላይ እንደሚቆረጥ ብር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር መረሳት የለበትም። ጡረታ ስጦታ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት ሠራተኛው በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ። የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር የሆነለት ወጣት በየወሩ 805 ብር ከራሱ ይቆረጥበታል፤ መሥሪያ ቤቱ 1,265 ብር ይጨምርበታል፤ ጠቅላላው 2,070 ብር ነው። ይህ በየወሩ ለዓመታት፣ እስከ 60 ዓመቱ ይቀጥላል። ሲሞትም ሚስቱ ወይም ባሏ የአበሉን 50 በመቶ ያገኛሉ። አገራችን ይህን ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ካቋቋመች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል። እንግዲህ ዕድሜ ልኩን ያዋጣውን የራሱን ገንዘብ ለመቀበል ሰውየው ለምን ይከፍላል? በእድር እንኳን ሲያዋጣ የኖረ ሰው ሐዘን ሲደርስበት የድንኳን ማጓጓዣ ክፈል አይባልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከክፍያው የከፋ ነው፤ ቆረጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይላል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010ም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሚቆረጠው ይህንኑ የሲሶ ገደብ አስቀምጦ ነበር። ሕግ አውጪው ይህን ያደረገው ዕዳ ያለበትም ሰው መብላት ስላለበት ነው። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ደመወዙ ከመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ክፍል ሲወጣ ነው። ካርዱ ላይ ከደረሰ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? ካርድ አውጪው ራሱ አበዳሪ ሆኖ ቢመጣ፣ «በአንድ ቁጥር ብቻ ብድር ያግኙ» ብሎ መልእክት ቢልክ፣ ደመወዙ እንደገባ በደቂቃ ውስጥ ዋናውን ከነክፍያው ቢወስድ፣ ሲሶዋ የት ገባች? ሕጉ በበር ሲጠብቅ ዕዳው በመስኮት ይገባል።

ይህ የእኔ ሥጋት ብቻ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ኤጀንሲ የአረጋውያንን፣ የሕፃናትንና የአካል ጉዳተኞችን ድጎማ በካርድ እንዲያከፋፍል ለአንድ ኩባንያ ሥራውን ሰጠ። ካርዱ ቀላል፣ ፈጣን፣ በጣት አሻራ የተጠበቀ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኩባንያው እህት ድርጅቶች ለዚያው ድሃ ብድር፣ የሞባይል ካርድና የቀብር መድን መሸጥ ጀመሩ፤ ሒሳቡ ድጎማው ገና እጅ ሳይገባ ይቆረጥ ነበር። አሮጊቶች ወር ጠብቀው ሄደው ግማሽ ገንዘብ ይዘው ተመለሱ። «እጃችሁን ከድጎማችን ላይ አንሡ» የሚል ዘመቻ ተነሣ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2013 ውሉ በሕገ ወጥ መንገድ የተሰጠ ነው ብሎ ሻረው። ግን ምን ሆነ? መንግሥት ሌላ መንገድ አላዘጋጀም ነበርና በ2017 ያው ፍርድ ቤት ያንኑ የተሻረ ውል በአንድ ዓመት ለማራዘም ተገደደ፤ አለበለዚያ ሚሊዮኖች ጦማቸውን ያድሩ ነበር። ልብ በሉ፦ ሌላው መስኮት ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ጥፋተኛውን እንኳን ማባረር አይቻልም።

እኛ ዘንድ ደግሞ የቆረጣ ጉዳይ ስስ ቦታ ነው። ለልማት፣ ለቦንድ፣ ለዚህ ለዚያ እየተባለ ከደመወዝ ሲቆረጥ ኖሯል። ለህዳሴው ግድብ ብዙዎቻችን በደስታ ከፍለናል፤ ያ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በአንዳንድ ክልሎች መምህራን «ያለ ፈቃዳችን ተቆረጠብን» ብለው ሲያመለክቱ ሰምተናል። በፔሮል ላይ ሲቆረጥ ቢያንስ ወረቀት አለ፤ መስመሩ ይታያል፤ ሒሳብ ክፍል ሄዶ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ይቻላል። ካርድ ላይ ግን የሚደርሰው የመጨረሻው ቁጥር ነው። ያልታየ ቆረጣ ያልተጠየቀ ቆረጣ ነው።

በአያት የምንኖር ብዙዎቻችን ላይ ሌላም አለ። የኮንዶሚኒየሙ ብድር ከንግድ ባንክ ነው፤ ደመወዙም የሚገባው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። አሠሪው መንግሥት፣ አበዳሪው የመንግሥት ባንክ፣ ሂሳቡም እዚያው። ይህ ወንጀል አይደለም፤ እንዲያውም ቤት እንድናገኝ ያደረገን ሥርዓት ነው። ግን አሠሪህ፣ አበዳሪህና ገንዘብ ጠባቂህ አንድ ቤት ሲሆኑ ምርጫ ማለት ትልቅ ዋጋ ያለው ነገር ይሆናል። ደመወዜን ወደ ሌላ ባንክ አዙሩልኝ ማለት መቻል ራሱ ጥበቃ ነው። በአንድ ካርድ ብቻ ከታሰርን ይህች ትቀራለች።

ሦስተኛው፣ ሥርዓቱ ሲቆም ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 የተፈጠረውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ አወጡ፤ አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ዘመቻ ከፈተ፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። ያልሠሩበትን ገንዘብ መመለስ ትክክል ነው፤ ማንም አይከራከርም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ማሽን ብር ሳይሰጥ ከሂሳቡ የቀነሰበት ጡረተኛስ? ለእርሱ እንዲህ ያለ ፍጥነት አለ ወይ? ቅጽ ሞልቶ፣ ነገ ተመለስ ተብሎ፣ ሳምንት ጠብቆ ነው። ባንክ ሲሳሳት ደንበኛው ይሮጣል፤ ማሽን ሲሳሳትም ደንበኛው ይሮጣል። ሯጩ ሁልጊዜ አንድ ነው።

ከዚያም የከፋ አይተናል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ባንኮች ሲዘጉ ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ሳያገኝ ረዥም ጊዜ ተቀመጠ፤ ጡረተኞች ያለ አበል ቆዩ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ማን ትክክል ማን ስህተት ነበር የሚለው የዛሬ ርዕሴ አይደለም። ርዕሴ ይህ ነው፦ ማብሪያ ማጥፊያው በሌላ ሰው እጅ ያለ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ያንተ አይደለም። እንዲህ ዓይነት አገር ውስጥ አንድ መንገድ ብቻ መተው ብልኅነት አይደለም።

ለአያት ሰው የባቡሩን ነገር መንገር አያስፈልግም። በ2008 ከአያት ጦር ኃይሎች ተብሎ ሲጀመር ደስ ብሎን ነበር፤ እውነትም ደስ የሚል ነበር። 41 ባቡር ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል፤ መጠበቂያው ላይ የሚቆመው ሰው ምን ያህል እንደሚቆይ ያውቀዋል። ግን ሕይወታችን አልቆመም። ለምን? ታክሲው ነበር፤ አንበሳና ሸገር አውቶቡስ ነበሩ። ባቡር መጣ ተብሎ ታክሲው ቢከለከል ኖሮ መገናኛ የምንደርሰው በእግራችን ነበር። ካርዱም እንዲሁ ነው። ይምጣ፤ ግን ታክሲውን አትከልክሉ። መስኮቱን አትዝጉ።

«ዓለም ሁሉ በካርድ ሆኗል» ለሚሉን መልስ አለን። ዓለም ካርዱን ብቻ አላመጣም፤ ከካርዱ ጋር ሕግ አምጥቷል። አሜሪካ የጡረታ ቼክን በወረቀት መላክ እ.ኤ.አ. በ2013 ስታቆም የባንክ ሂሳብ የሌላቸው ጡረተኞች ቀድሞ በሚሞላ ካርድ እንዲቀበሉ አደረገች፤ የባንክ ሂሳብ ያለው ግን በመረጠው ባንክ ይገባለታል። ከ1978 ጀምሮ ባለ ሕጋቸውም ማንም አሠሪ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በእገሌ ባንክ ሂሳብ ካልከፈትህ ደመወዝ ወይም ድጎማ አታገኝም ማለት አይችልም። ሕንድ ውስጥ ደግሞ የጣት አሻራ መታወቂያው ለድጎማ ግዴታ ይሁን ተብሎ ክርክር ሲነሣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ለድጎማ ይቻላል አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታን ግን ለየው። ምክንያቱም ጡረታ ሰውየው በአገልግሎቱ ያገኘው መብቱ እንጂ ችሮታ አይደለም። የእኛ ፋይዳ መታወቂያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሂሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኗል። ጥሩ ነገር ነው፤ ማጭበርበር ይቀንሳል። ነገር ግን በሥራና በእርጅና የጣታቸው አሻራ የጠፋ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ ሌላ በር ይኑር።

ይህ ክርክር በካርድ አልተጀመረም። በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ዘመን ብዙ ፋብሪካዎች ለሠራተኛው ገንዘብ በመክፈል ፋንታ በራሳቸው ሱቅ ብቻ የሚሠራ ምልክት ወይም ዕቃ ይሰጡት ነበር። ሱቁ የአሠሪው ነው፤ ዋጋውን የሚተምነው አሠሪው ነው፤ ስለዚህ ደመወዙ በአንድ እጅ ተሰጥቶ በሌላው ይመለሳል። በ1831 የወጣ ሕግ በብዙ የሥራ ዘርፎች ይህን ከለከለ፤ ደመወዝ ሠራተኛው በፈለገበት በሚያጠፋው ገንዘብ ይከፈል አለ። በክፍያ የታጠረ፣ በተወሰነ ቦታ ብቻ የሚሠራ፣ በአውጪው ብድር የተጠላለፈ ካርድ የዚያ የሱቅ ምልክት የልጅ ልጅ ነው። ፕላስቲክ መሆኑ ዘሩን አይቀይረውም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ።

«ሽማግሌዎች ይለምዱታል» ይባላል። የነዳጅ ክፍያ በሚያዝያ 2015 በአዲስ አበባ በስልክ ብቻ ሲሆን አሽከርካሪው ለምዶታል፤ እውነት ነው። ግን አሽከርካሪ ማለት በሥራ ላይ ያለ፣ ዓይኑ የሚያይ፣ ስልክ የሚነካካ ሰው ነው። የ78 ዓመት አዛውንት የሚስጥር ቁጥራቸውን ረስተው ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱ ካርዱ ይታገዳል። ስለዚህ ቁጥሩን ለልጅ ልጅ ይነግራሉ፤ ወይም ለዘበኛው፤ ወይም ከኋላቸው ለቆመው ደግ ለሚመስል ወጣት። «ለምደውታል» የምንለው ይህንን ነው? ይህ መልመድ አይደለም፤ ገንዘብን ለሌላ ሰው አደራ መስጠት ነው፤ አደራው ደግሞ ፊርማ የለውም።

«ሌብነትን ያጠፋል» ይባላል። ጥሬ ብር በቦርሳ ከሚመጣበት ዘመን ጋር ካወዳደርነው፣ አዎ። ግን ያንን ያጠፋው የባንክ ሂሳብ ነው፤ እርሱ አለ። ካርዱ በዚያ ላይ የሚጨምረው ምን እንደሆነ የሚያስረዳን እንፈልጋለን።

«ለመንግሥት ወጪ ይቀንሳል» ይባላል። ይህኛው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ወጪው ጠፋ ወይስ ቦታ ቀየረ? የመስኮት ሠራተኛ ደመወዝ ቀርቶ የጡረተኛው የታክሲ ሒሳብ፣ የማውጫ ክፍያና የጠፋ ቀን ከተተካ ወጪው አልቀነሰም፤ ወደማይቆጠርበት ኪስ ተዛወረ እንጂ።

እንግዲህ ተቃውሞ ብቻ አይበቃም። ካርዱ ከመጣ ምን ይሁን? እኔ ስድስት ነገር እላለሁ፤ የሚጨምር ይጨምር።

1. ምርጫ ይኑር። የባንክ ሂሳብ፣ ካርድ፣ የስልክ ገንዘብ ወይም መስኮት፤ መራጩ ተቀባዩ ይሁን። ዝም ያለ ሰው እንደ ተስማማ አይቆጠር።

2. የወሩ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ያለ ምንም ክፍያ ይውጣ። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ሙሉውን፣ ለጡረተኛ ደግሞ ከዚያም በላይ። ወጪውን ከፋዩ ከካርድ አውጪው ጋር ይደራደር።

3. ደመወዝ በሚገባበት ካርድ ላይ ብድር አይታሰር። ከታሰረም በወረቀት የተፈረመ ይሁን፣ ሲሶውም ይከበር። ጡረታ ጭራሹኑ የብድር መያዣ አይሁን።

4. ገንዘቡ በተቀባዩ ስም ይቀመጥ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣል። ካርዱ ላይ ያለው ብር በአውጪው ስም በአንድ ቋት የሚከማች ከሆነ ይህ ዋስትና ለእያንዳንዱ ጡረተኛ ይደርሳል ወይስ ለድርጅቱ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል? ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ይመለስ። ካርዱ ጊዜው ቢያልፍም ገንዘቡ አይለፍ።

5. ሲስተም ሲጠፋ የሚሆነው አስቀድሞ ይጻፍ። በስንት ሰዓት ውስጥ፣ የት፣ በማን መስኮት እንደሚከፈል። ማሽን በስህተት የቀነሰውን በስንት ቀን እንደሚመልስ፤ ካልመለሰ የሚከፍለው ቅጣት ስንት እንደሆነ።

6. በየወሩ ወረቀት ይሰጥ። ምን ገባ፣ ምን ተቆረጠ፣ ለማን። በአማርኛና አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው በሚያነበው ፊደል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ቴክኖሎጂ አያግድም። አንዱም አገር አያስከስርም። እነዚህን አልቀበልም የሚል ካርድ አውጪ ካለ ትርፉ ከየት እንደሚመጣ እየነገረን ነው፤ እናመስግነውና እናሰናብተው።

አሁን ለእናንተ። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ «ለካርድ መመዝገቢያ» የሚል ቅጽ ሲዞር ሁሉም ፈርሟል ተብላችሁ አትፈርሙ። ውሉን ጠይቁ፤ ቅጹን ሳይሆን ውሉን። በመሥሪያ ቤቱና በካርድ አውጪው መካከል ያለው ውል የእናንተ ገንዘብ ስለሆነ ለማየት መብት አላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆቻችሁ ጡረተኞች ከሆኑ የሚስጥር ቁጥራቸውን ከመያዛችሁ በፊት ምን እንደፈረሙ አንብቡላቸው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ እነዚህን ስድስት ነጥቦች በስብሰባ አስይዙ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ። ጡረተኛ ማኅበራትም እንዲሁ። ዛሬ በቃል የተጠየቀ ነገር ነገ «ማንም አልጠየቀም» ይባላል።

ገንዘብ ያዡ ቦርሳውን ይዞ ሲመጣ ቢያንስ አንድ ነገር እናውቅ ነበር፦ ብሩን ቆጥሮ እጃችን ላይ እስኪያስቀምጥ ድረስ ኃላፊነቱ የእርሱ ነበር። ቦርሳው ይቅር። ኃላፊነቱ ግን አይቅር።

ሐሳባችሁን ጻፉ፤ መሥሪያ ቤታችሁ ምን እንደጠየቃችሁም ንገሩን። ለምታውቁት ጡረተኛ፣ ወይም ለልጁ፣ ይህን አድርሱ።